ሌባው «እማማ» አላቸው፣ ባንኩ በእንግሊዝኛ ጻፈላቸው

 

ዛሬ ስለ አፕና ስለ ሎጎ ልናወጋችሁ ነው። «ደግሞ እናንተ ከመቼ ወዲህ ነው የዲዛይን ሊቅ የሆናችሁት?» የምትሉን እንደማትጠፉ እናውቃለን። አልሆንንም። እኛ ያው እንደ እናንተ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ስልክ የምንነካካ፣ አፑ እንቢ ሲለን የምንራገም ሰዎች ነን። ግን በቅርቡ ከመካከላችን በአንዷ ቤት አንድ ነገር ደረሰ። እሱን ሳንነግራችሁ በቀጥታ ወደ ሎጎ ብንገባ ነገሩ የቀለም ምርጫ ይመስላችኋል።

የጓደኛችን እናት ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ጠዋት ዳዊት ይደግማሉ፤ ጋዜጣ እጃቸው ከገባ ከርዕሱ እስከ ጨረታ ማስታወቂያው ሳያነቡ አያስቀምጡም። ይህን የምንነግራችሁ «አልተማሩ ይሆናል» እንዳትሉን ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና እየቆሉ ስልካቸው ጠራ።

«እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት ዋሉ? ከባንክ ነው የምደውልልዎ።»

ድምፁ የጨዋ ልጅ ድምፅ ነው። መረጃዎ ስላልታደሰ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው አላቸው። በዚህ ፀሐይ መጥተው ሰልፍ ከሚቆሙ እኔው ከዚህ ላድስልዎ አለ። «አሁን አንድ መልእክት ይደርስዎታል። ስድስት ቁጥር አለበት። አይቸኩሉ፣ መነጽርዎን ያድርጉ፤ እኔ እጠብቅዎታለሁ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። መልእክቱ መጣ። ሦስት መስመር እንግሊዝኛ፣ መሃሉ ላይ ስድስት ቁጥር። እንግሊዝኛውን ዘለሉትና ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡለት። «እግዚአብሔር ያክብርልኝ እማማ» ብሎ ዘጋ። ለቤቱ ጣሪያ ማስቀየሪያ ያጠራቀሙት 18 ሺህ ብር አብሮት ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ከልጃቸው ጋር ባንክ ሄዱ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ወጣት ክፉ ልጅ አይደለም፤ ከልቡ አዝኗል። ግን ያለው ነገር ይሄ ነበር፦ «እናቴ፣ መልእክቱ ላይ እኮ ‹ለማንም አይስጡ› ተብሎ ተጽፏል።» እሳቸውም ስልካቸውን አዙረው አሳዩትና «ልጄ፣ ለማን ነው የተጻፈው?» አሉት።

ይቺን ጥያቄ ይዘን ነው የመጣነው። የባንኩን ስም አንጠራም። ሌሎቹም መልእክታቸውን ከፍተን ስናይ ከዚህ ብዙ አይርቁምና አንዱን ለይቶ መስደብ ፍርደ ገምድልነት ይሆንብናል።

እስቲ ሌባው ያደረገውን በዲዛይነር ዓይን እንየው (ይቅር ይበለን)። የደወለው ሴትየዋ በሚያስቡበት ቋንቋ ነው። የጠራቸው በዕድሜያቸው ልክ በአክብሮት ነው። አንድ ነገር ከመምጣቱ በፊት «አሁን ይህ ይመጣል» ብሎ አዘጋጃቸው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። መነጽር እስኪያደርጉ ጠበቀ። ሲጨርስ አመሰገነ። ይኼ ሁሉ የዲዛይን ኮርስ ላይ ገንዘብ ተከፍሎ የሚማሩት ነገር ነው። ባንኩ ከእነዚህ አንዱንም አላደረገም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዚያች እሑድ ከባንኩ ይልቅ ሌባው ለተጠቃሚ ምቹ ነበር።

የሚያናድደው ደግሞ ባንኩ «ከባህላችን የተቀዳ» በሚለው መልኩ የሚኮራ መሆኑ ነው። ቅርንጫፉ በር ላይ የጥበብ ጥለት አለ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ጀበና ተስሏል። እሳቸው ተቀምጠው የጠበቁበት ወንበር ጀርባ ሳይቀር ጥለት አለበት። ያ ሁሉ ጥበብ ግን መልእክቱ ውስጥ አንድ የአማርኛ ቃል ሆኖ አልገባም።

ጉዳያችን እዚህ ጋ ነው። እኛ አገር «ባህልን መሠረት ያደረገ ብራንድ» ሲባል የሚታሰበው ስዕል ነው። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በታክሲ መስኮት እያያችሁ እለፉ። ጀበና ያለበት ሎጎ፣ መሶብ ያለበት ሎጎ፣ የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ መስቀል፣ አንበሳ፣ ዋልያ። ቀለሙን አትጠይቁ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ጀበናው ኢንሹራንስ ይሸጣል፣ መሶቡ ሶፍትዌር ይሸጣል፣ ዋልያው ብሎኬት ያመርታል። ጀበና አንጠላም፤ ይህን ጽሑፍ ራሱ የጻፍነው ሁለተኛው ቡና ላይ ሆነን ነው። ግን ጀበናን የለጠፈ ሁሉ ባህል አወቀ ማለት ከሆነ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ የመላእክት ስዕል የለጠፈው ሰው ሁሉ ቄስ ነው ማለት ነው።

ባህል የምንለው እንዴት እንደምንጠራራ፣ ሰዓት እንዴት እንደምንቆጥር፣ ቤታችንን ለእንግዳ እንዴት እንደምንጠቁም፣ ብር ለማን እንደምንልክ፣ ስልካችንን ለማን እንደምናቀብል ነው። ግድግዳ ላይ የማይሰቀለው ይኼኛው ነው፤ አፕ ውስጥ የሚያስፈልገውም ይኼኛው ነው።

በአግባቡ የሠሩት የሉም አንልም። ሶል ሬብልስን እዩ። ቤተልሔም ጥላሁን በፈረንጆቹ 2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ዘነበወርቅ ሰፈር ስትጀምር ያነሳችው በረባሶን ነው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራውን፣ ማንም «ቅርስ ነው» ብሎ መስታወት ውስጥ ያላስገባውን ጫማ! እንዲያውም የድህነት ምልክት ነበር የሚባለው። እሷ ግን ያንን ይዛ ዓለም ላይ ሸጠች። ሐውልት መሳል አላስፈለጋትም፤ ሰፈሩ ውስጥ የነበረውን ሙያ አየች።

መንግሥታችንም አንድ ጊዜ ይህ ነገር ገብቶት ያውቃል (ይህን ስንጽፍ እጃችን ትንሽ ተንቀጥቅጧል)። እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፣ ከስታርባክስ ጋር ብዙ ጭቅጭቅ ሆነ፣ በመጨረሻ በ2007 ስምምነት ላይ ተደረሰ። ያ ሁሉ ክርክር ስለ ጀበና ስዕል አልነበረም። ስለ ስም ነበር። ስሙን የያዘ ዋጋውንም ይይዛልና።

ስም ካነሳን ዘንዳ፣ እስቲ አንድ የአገራችን ድረ ገጽ ላይ ለመመዝገብ ሞክሩ። ከአዲስ አበባ ልጆች ለአዲስ አበባ ልጆች የተሠራ ነው፤ ሎጎው መሶብ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ፈርስት ኔም»፣ ሁለተኛው «ላስት ኔም»። እኛ ላስት ኔም የለንም። የራሳችን ስም አለን፣ የአባታችን አለ፣ የአያታችን አለ። ባል ያገባች ሴትም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። ሳጥኑ ግን ስለሚለምነን የአባታችንን ስም እንሰጠዋለን። ከዚያ ማሽኑ በላስት ኔም ሰላምታ መስጠት ተምሯልና አቶ እገሌ እያለ ይጽፍልን ይጀምራል። ከመካከላችን የአንዷ አባት ካረፉ ቆይተዋል፤ እስከ ዛሬ በየሳምንቱ ዓርብ የጫማ ቅናሽ ይደርሳቸዋል።

ይህ ሳያንስ ስሙን በላቲን ፊደል ጻፉ ይባላል። ቅድስት በኬ ነው በኪው? ከመሃሉ አይ ነው ኢ? ባንክ የከፈተላት ሰው አንድ ዓይነት ጽፏል፣ ፓስፖርት የሠራላት ሌላ ዓይነት፣ ትምህርት ቤቷ ሦስተኛ ዓይነት። ፋይዳን ከባንክ ሒሳብ ጋር ማገናኘት ከመጣ ወዲህ ይቺ አንዲት ፊደል ስንቱን ቅርንጫፍ እንዳመላለሰች ቤታችሁ ጠይቁ። ሰውየው በፊደል ስሙን ሲጽፍ አንድ ሰው ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ሦስት ሰው ይሆናል።

በፊደልም ቢሆን ሥራ አለ፣ አንዋሽም። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ፈልጉ። ፀ አለ ጸ አለ፤ ሐ፣ ሓ፣ ሀ፣ ሃ፣ ኀ፣ ኃ አለ። ሁለት በስድስት ብታባዙት አንዷን ፀሐይ በ12 ዓይነት መጻፍ ይቻላል፤ ስንጠራት ግን አንድ ናት። ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የመፈለጊያው ሳጥን ግን አያውቅም፤ «ምንም አልተገኘም» ብሎ ይመልሳችኋል። እነዚህን ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ለአንድ ፕሮግራመር የከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ማንም ስላልጠየቀው ነው ያልሠራው።

ድሮ ሰበብ ነበረን። የአማርኛ ጽሑፍ በአንዱ ኮምፒውተር ተጽፎ በሌላው ሲከፈት አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ የሚመጣበት ዘመን ነበር፤ ታላላቆቻችን ፓወር ግዕዝ ፍለጋ ፍላሽ ይዘው ካፌ ለካፌ ሲዞሩ አይተናል። ፊደላችን ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ርካሹ ስልክ ላይም ሳይቀር ይነበባል። ያ ሰበብ ካረጀ ከ25 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው።

የሰዓቱ ጉዳይ ደግሞ ሳቅም ልቅሶም አለበት። አንዲት ጓደኛችን ለሥራ ቃለ መጠይቅ በኢንተርኔት ቀጠሮ ያዘች። ፎርሙ ላይ ካሉት ሰዓቶች «9:00» የሚለውን ነካች። ቋንቋው አማርኛ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ያለው ካሳንቺስ ነው፣ እሷም የኖረችው እዚሁ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ነው ብላ ምሳዋን በልታ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከሰዓት በኋላ ከተፍ አለች። «የእርስዎ እኮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር» አሏት። ስድስት ሰዓት አርፍዳለች! ሥራው ለሌላ ሰው ሄደ። «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ ለመጻፍ ምን ያህል በጀት ያስፈልግ ነበር?

ሌላዋ ደግሞ የትውልድ ዘመኗን 1992 ብላ ሞላች፤ በአማርኛ ጠይቀዋት በአማርኛ አቆጣጠር መለሰች። ማሽኑ በፈረንጅ ቆጥሮ ሰባት ስምንት ዓመት ጨመረላትና «ከተጠየቀው ዕድሜ በላይ ነዎት» ብሎ አሰናበታት። የሚያሳዝነው ነገር፣ ስሌቱ ተሠርቶ የተቀመጠ መሆኑ ነው። ክሮምና ፋየርፎክስ ውስጥ የኢትዮጵያ ካሌንደር ከነጳጉሜው አብሮ ተሠርቶ ይመጣል። የውጭ ሰዎች ያስቡልንን እኛ ለራሳችን አናበራውም።

አድራሻ እንለፈው፤ ያው «ዚፕ ኮድ» ሲሉን 0000 እየሞላን ነው የኖርነው። ከፋርማሲው ጀርባ፣ ሰማያዊው በር ያለውን አድራሻ የሚቀበል ሳጥን እስኪመጣ እየጠበቅን ነው።

«ግን አማርኛ ያላቸው አፖች አሉ እኮ፤ እናንተ ራሳችሁ በእንግሊዝኛ አይደል የምትጠቀሙት?» የሚለን አይጠፋም። አዎ! ተይዘናል። ብዙዎቻችን የስልካችንን ቋንቋ ወደ አማርኛ ቀይረን በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልሰነዋል። ለምን ብላችሁ ጠይቁን። አንዱ አፕ የሞላነውን ፎርም «አስቀምጥ» ማለት ሲገባው «አድን» ይለናል፤ ማንን ነው የምናድነው? ወደ ኋላ መመለሻው «ጀርባ» ተብሏል። ማስገቢያው «አስረክብ» ይላል፤ ምርኮኛ ያለ ይመስላል። ወደ መጀመሪያ ገጽ መመለሻው ደግሞ «ቤት» ነው፤ ስንነካው ቤታችን አያደርሰንም እንጂ።

አንድ ዲዛይነር ወዳጃችን ሚስጥሩን ነገረን። ተርጓሚው አፑን አያየውም። የቃላት ዝርዝር በኤክሴል ይላክለታል፤ ከላይ እስከ ታች ይተረጉምና ይመልሳል። ቃሉ ቁልፍ ላይ ይሁን ርዕስ ላይ፣ ለብር ይሁን ለፎቶ፣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ አማርኛው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በር እንደ መፈለግ። ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ መምህራችን «ለማን እንደምትጽፉ ሳታውቁ እስክሪብቶ አታንሱ» ይሉን ነበር። እኛም ያኔ ያንቀላፋንበት ትምህርት ነው፤ እንግዲህ አፑም ያንቀላፋው እዚያው ክፍል ይሆናል።

ከቃሉ ይልቅ የሚከነክነን ግን አጠራሩ ነው። እንግሊዝኛው አንድ «ዩ» አለው፤ ለሕፃንም ለሽማግሌም ያው ነው። አማርኛ ግን ሰውን ሲያናግር ማን እንደሆነ ሳያይ አንድ ቃል አይወጣውም። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ። አፑ «ሚስጥር ቁጥርህን አስገባ» ሲል የጓደኛችንን እናት ወንድ አድርጓቸዋል፣ ጎረምሳም አድርጓቸዋል። «ያስገቡ» ቢል ሁለቱም ችግር በአንድ ቃል ያልቃል፤ ወንድም ሴትም አይለይም፣ ማንንም አያዋርድም። ቋንቋችን መፍትሔውን ሠርቶ አስቀምጦታል። ሌባውም ያውቀዋል።

አሁን ወደዚያች መልእክት እንመለስ። ዲዛይነሩ ወዳጃችን ለባንኩ ጥብቅና ቆመ (ወዳጅ እንዲህ ነው)። አማርኛ ኤስኤምኤስ ውድ ነው አለን። ነገሩ እውነትነት አለው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባችበት ግን የአንዱ መልእክት ልክ ወደ 70 ይወርዳል። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። በቀን ስንት መልእክት ለሚልክ ባንክ ይህ ብር ነው።

እሺ አልነውና ወረቀት አንስተን ጻፍን። «ይህን ቁጥር ለማንም አይንገሩ። ባንኩ ደውሎ አይጠይቅም።» ቆጠርነው፤ ከነአራት ነጥቡና ከነክፍት ቦታው 35 ፊደል። የ70ው ግማሽ! ፊደላችን እኮ አንዱ ብቻውን ከነአናባቢው ነው፤ ላቲኑ በሁለት ሦስት ፊደል የሚለውን በአንድ ይጨርሳል። በቀረው 35 ቦታ ውስጥ የባንኩ ስምም ስድስቱ ቁጥርም ተዝናንተው ይገባሉ። ስለዚህ ወጪ የሚለው ክርክር እዚያች ወረቀት ላይ ሞተ። ወዳጃችንም ቆጠራውን ደግሞ ራሱ ቆጠረ፤ ዝም አለ።

ደግሞ አማርኛ ብቻ ይበቃል ማለታችን እንዳይመስላችሁ። የነቀምቴዋ እናት፣ የጅግጅጋዋ እናት፣ የመቀሌዋ እናት የሚደርሳቸው መልእክት ለእነሱም አልተጻፈም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ከጀመረ ወዲህ አፑን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በእንግሊዝኛ ማቅረቡን እናደንቃለን፤ ስማርት ስልክ የሌለውም *127# ብሎ ይገባል። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደምንለው ሌላ ጉዳይ ነው። ስሙም ቢሆን ግሩም ነው፤ ሰው ድሮም «ቴሌ» ነው የሚለው፣ ብሩም ብር ነው። ላሊበላን አልጠራም፤ ግን ጉሊት የምትሸጥ ሴት በአንድ ጊዜ ሰምታ በአንድ ጊዜ ትይዘዋለች።

ከጎረቤት ብንማርስ? ኬንያ ውስጥ ኤም-ፔሳ የተሞከረው መጀመሪያ ለአነስተኛ ብድር መክፈያ ተብሎ ነበር። ሰዎቹ ግን ተበዳሪዎቹን ቁጭ ብለው ሲያዩ፣ ሕዝቡ ብሩን ለሌላ ነገር፣ እርስ በርስ ለመላላክ ሲጠቀምበት አገኙት። ስለዚህ በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲያወጡት «ብር ወደ ቤት ይላኩ» የሚል ይዘው ወጡ። ናይሮቢ ሠርቶ ገጠር ላለች እናቱ የሚልክ ልጅ፣ ይኼ ነው ባህሉ። ሎጎው ላይ የማሳይ ጋሻ አላስፈለገም። «ፔሳ» ራሱ በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው፤ ቃሉ ከገበያ የመጣ ነው። ይኸው አገልግሎት በ2015 ዓ.ም ማገባደጃ ላይ እኛም ጋ ደርሷል።

ከእኛ አገር ደግሞ ራይድን እናንሳ። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ይህ አገልግሎት አፕ አለው፤ ግን መኪናው በር ላይ 8294 ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ዳታ የሌለው፣ አፕ የማይሆንለት፣ ካርታ ላይ ነጥብ መትከል የሚያስጨንቀው ሰው ደውሎ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነኝ» ይላል። እኛ አዲስ አበቤዎች ድሮም ቦታ የምንጠቁመው እንደዚያ ነው። ይህን ያሰበ ሰው ተጠቃሚውን አይቶታል ማለት ነው።

የማየቱ ነገር ውድ እንዳይመስላችሁ። የዚህ ሙያ አንጋፋ የሆነው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 በጻፈው ጽሑፍ አምስት ሰው ብቻ ፊት አስቀምጣችሁ ብትሞክሩት አብዛኛው ችግር ይታያችኋል ብሏል። አምስት ሰው! ሰፈራችሁ ያለው ሱቅ በር ላይ በአሥር ደቂቃ አምስት ሰው ታገኛላችሁ። እግረ መንገዳችሁን የባለሱቁን የዱቤ ደብተር ለምናችሁ እዩት። ፈርስት ኔም የለ፣ ላስት ኔም የለ። «የመንታዎቹ እናት — ዘይት 1»፣ «ባለ ሚኒባሱ — ሲጋራ»፣ «ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ — እንቁላል 6»። አንድም ሰው አልተምታታበትም፣ አንድም ሰው ሚስጥር ቁጥሩን አልረሳም። ዱቤን ወደ ስልክ እናመጣለን ብለው የሚለፉ ልጆች ካሉ፣ ከአሜሪካ አፕ ቀድመው ሊኮርጁ የሚገባው ይህን ደብተር ነው ባዮች ነን።

ዲዛይነር ጓደኞቻችን እንዳትቀየሙን። ብዙዎቻችሁ ይህን ከእኛ በላይ እንደምታውቁ እናውቃለን። ደንበኛው «ጀበናውን አተልቀው» ሲላችሁ የምትውሉበትን ቀን ሰምተናል። ግን ሎጎውን ለማቅረብ 40 ገጽ ታዘጋጃላችሁ፤ የጀበናው ጆሮ ለምን ወደ ቀኝ እንደዞረ ሁለት ገጽ ትጽፋላችሁ። ከእነዚያ ገጾች አንዷን ለዚያች ባለሦስት መስመር መልእክት ስጧት። ደንበኛው «አልጠየቅኩህም» ቢልስ? ሴትየዋ ያሉትን ንገሩት፤ ለማን ነው የተጻፈው በሉት።

ለማንኛውም የጓደኛችን እናት ጣሪያ አሁንም ያንጠባጥባል። ብሩ አልተመለሰም፤ ማመልከቻ አስገብተዋል፣ «እየተጣራ ነው» ተብለዋል። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ልጃቸው ከሥራ ስትገባ ስልኩን ያቀብሏታል፤ «ይሄ ምን ይላል?» ይሏታል፣ ታነብላቸዋለች። ብር ሲገባ በእንግሊዝኛ፣ ብር ሲወጣ በእንግሊዝኛ፣ አዲስ ደንብ ሲመጣ በእንግሊዝኛ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ማለዳ ግን ሳትጠየቅ ራሳቸው አነበቡት። ከባንኩ ነበር የመጣው፤ በጠራ አማርኛ፣ አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። አዲሱ ዓመት የሰላም፣ የጤናና የብልጽግና እንዲሆንልዎ ይመኛል። «አየሽ?» አሏት ለልጃቸው መነጽራቸውን እያወለቁ፣ «ይችላሉ እኮ።»

ቸር ሰንብቱ።